ሁለት ቀን ቀድሜ ወጥቼ የዘገየሁበት የነገሌ መንገድ

ከአዳማ እስከ አርሲ ነገሌ በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እኔ ግን አርብ ጠዋት ወጥቼ እሁድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ከተመለስኩ ወዲህ የእድራችን ሰዎች፣ በተለይ ከሞጆ ወዲያ ተሻግረው የማያውቁት፣ «እስቲ አጫውተን፣ አገሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። አገሩ ደህና ነው፣ ሰዉም ደግ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ስለሆነ በአፍ ማውራቱ ከበደኝና ጻፍኩት።

የሄድኩት ለሽምግልና ነው። የእህቴ ልጅ ሰለሞን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው እኔ ቤት ነው። አባቱ ወንጂ አገዳ ላይ ሲሠራ ኖሮ አረፈ፤ እናቱም ብዙ አልቆየችም። ዛሬ ሰለሞን ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እዚያው ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ሃና የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ ለማ ነገሌ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ሽማግሌ ልንልክ ነው ብለን ስናስነግር የመለሱት ቃል አጭር ነበር። «እሁድ አምስት ሰዓት ይምጡ። ያሳደገው ሰው ግን ራሱ ይምጣ። የልጁን ነገር ከሌላ አፍ አልሰማም።»

ያሳደገው ሰው እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር የተመረጡት ከወንጂ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት ጋሽ በየነና የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። እነሱ እሁድ ማለዳ በሚኒባስ ሊሄዱ ተስማሙ። እኔ ደግሞ ሞተር ሳይክል ነበረኝ።

ሞተሯን ከገዛኋት ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። የሸጠልኝ አበልጄ ተስፋዬ፣ የትንሿ ልጄ የክርስትና አባት ነው። የገዛኋት ዕለት ሰፈራችን ያለው መካኒክ ጎንበስ ብሎ አያትና፣ «ጋሽ መስፍን፣ ያገለገለ ሞተር የገዛ ሰው መጀመሪያ ዘይቱን ይቀይራል፣ ፊልትሮውን ከፍቶ ያያል፣ ካቴናውን ያጠብቃል። ነገ ጠዋት ያምጧት፣ ጨርሼ እሰጥዎታለሁ» አለኝ። ተስፋዬ አጠገቤ ቆሟል። አበልጅ የሸጠልህን ዕቃ እሱ ፊት ማስፈተሽ «አላመንኩህም» ማለት መስሎ ታየኝ። «ምን በወጣት! ከራሴ ሰው እጅ እኮ ነው የገዛኋት» አልኩ። ተስፋዬም መሬት መሬት እያየ ዝም አለ።

ልብ በሉ፣ ሥራዬ የትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልቆጥርና ሳላገላብጥ አንዲት ጠመኔ ተረክቤ አላውቅም። የመንግሥትን ጠመኔ ስቆጥር የኖርኩ ሰው የራሴን ሞተር በይሉኝታ ተረከብኩ። ይባስ ብዬ ለዘይት ያልሰጠሁትን ጊዜ ለጌጥ ሰጠሁት። ዘርፍ ያለው የመቀመጫ ልብስ አለበስኳት፣ ሁለት መስታወት ጨመርኩላት፣ ከኋላዋ «ሁሉም ለበጎ ነው» ብዬ አስጻፍኩባት።

ሰለሞን የመቀመጫውን ዘርፍ እየነካካ፣ «ጋሼ፣ ከነጋሽ በየነ ጋር በሚኒባስ ቢሄዱ አይሻልም?» ብሎኝ ነበር።

«አሳዳጊህ ከሚኒባስ ተጋፍቶ ሲወርድ አማቶችህ ይዩት?» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም ግን። በዚያ ደጅ በራሴ ሞተር መድረስ ፈልጌ ነበር።

አርብ

ከቤት የወጣሁት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አሳቤ መቂ የሚኖረው የልጅነት ጓደኛዬ ደምሴ ቤት አድሬ፣ ቅዳሜን ነገሌ አርፌ፣ እሁድ ሸሚዜን ቀይሬ በሰዓቱ መገኘት ነበር። ባለቤቴ አስካለ ከበር ወጥታ፣ «ስትደርስ ደውል። ሳትደርስ ደረስኩ እንዳትለኝ» አለችኝ። ታውቀኛለች።

አዲሱ የፍጥነት መንገድ ሞተር ሳይክል ስለማያስገባ በአሮጌው ነው የሄድኩት። እስከ ሞጆ ድረስ ከእኔ በላይ ሰው አልነበረም። ከባድ መኪናዎቹ አጠገቤ ሲያልፉ ነፋሳቸው ገፋ ቢያደርገኝም ደረቴን ነፍቼ ዘለቅኩ። እኛ አዳማ አቧራ ፈጀን እያልን እናማርራለን፤ ሞጆ መታጠፊያው ላይ ቆሞ የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ የሳበ ሰው ግን የአዳማን አቧራ ይናፍቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ ታጠፍኩ። አየሩም ሽታውም ተለወጠ፤ ከቆቃ ሐይቅ በኩል እርጥብ ነፋስ መጣ።

ከሞጆ ጀምሮ ግን ከእግሬ ሥር አንድ ነገር ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ጠጠር ነው ብዬ ተውኩት። ቆቃ ላይ ዓሣ ከሚሸጥባቸው ዳሶች ፊት ለፊት ስደርስ ነዳጅ ብሰጣትም ሞተሯ ትጮኻለች እንጂ አትሄድም። ዞር ብዬ ሳይ ካቴናው ወልቆ መሬት ይጎተታል።

አንዲት ዓሣ የምትጠብስ ሴት ከዳሷ ውስጥ ሆና ጠራችኝ። «ኑ፣ ኑ ጥላ ግቡ! ሞተሩም ይግባ!» ስሟ አዴ ዘሃራ ነው። ገፍቼ አስገባኋት። ውኃ ቀድታ ሰጠችኝና ባሏን ሁሴንን ከሐይቁ ዳር አስጠራችው። እሱ እስኪመጣ ከመጥበሻው ሙሉ ዓሣ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ዛሬ አርብ ነው፣ እጾማለሁ» አልኳት።

«ዓሣ እኮ ነው፤ በሬ መሰሎት?»

«የእኛ አባ ዓሣም ጾም ያፈርሳል ይላሉ።»

«እንግዲያው የእናንተ አባ ቆቃ አያውቁም!» ብላ ሳቀችና ዓሣውን አንስታ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፋ ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረበችልኝ። አዳማ ቢሆን ለማላውቀው መንገደኛ ወንበር እንኳ ከቤቴ አላወጣም ነበር፤ እያፈርኩ በላሁ።

ሁሴን የሞተር ባለሙያ አይደለም። ግን ሐይቁ ዳር ጀልባና ሞተር ሲነካካ ያደገ ሰው ነው። ካቴናውን በእንጨት እየደገፈ መለሰው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋው። «ይኸውልህ፣ እንዲህ መወዛወዝ የለበትም። ልል ነው። መቂ እንደገባህ አስጠብቀው። ዘይትስ መቼ ተቀየረ?»

«ዘይቱ ደህና ነው።»

«አይተኸዋል?»

«የሸጠልኝ አበልጄ ነው» አልኩት።

«እኔ ሻጩን አይደለም የጠየቅኩህ፣ ዘይቱን ነው» አለ። «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ ተነሳሁ። እስከ ዓለም ጤና፣ ከዚያም እስከ መቂ ድረስ እንደ ሙሽራ ቀስ ብዬ ነዳሁ። ስገባ አሥር ሰዓት ሆኗል።

ደምሴ ሽንኩርት ደላላ ነው። እኛ አዳማ ሽንኩርትን በኪሎ ነው የምናውቀው፤ መቂ ላይ በአይሱዙ ነው የሚታወቀው። ቤቱ ከመጫኛው አጠገብ ስለሆነ ግቢው ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ የደስታ እንባና የሽንኩርት እንባ መለየት ያቅታል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነበር የተገናኘነው። መካኒክ እንዳለ ብጠይቀው፣ «ገና አንገት ለአንገት ሳንላቀቅ ስለ ካቴና ታወራለህ? ነገ አምላክ ያውቃል!» አለኝ። ነገር ግን ገና አንድ ቀን በእጄ ነበረና ምንም አልመሰለኝም።

ቅዳሜ

ማለዳ ሽንኩርት ጫኞቹ ሲጯጯሁ ነቃሁና ሞተሯን ገፍቼ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ይባላል፤ ሽበት የጀመረው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ሰላምታውንም በአጭሩ፣ «አካም፣ ደህና አደርክ» ብሎ ጨረሰውና መፍቻውን አነሳ። አዳማ ያሉት መካኒኮች ሲሠሩ ያወራሉ፣ ይህ ሰው ግን ሲሠራ ያዳምጣል። አስነስቶ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ አጠፋው።

ፊልትሮውን ሲከፍት የወጣው አቧራ አንድ ጣሳ ይሞላ ነበር። ካንዴላዋን ነቅሎ አሳየኝ፤ ጫፏ ከሰል ሆኗል። በመጨረሻ የዘይቱን መለኪያ መዘዘና በጨርቅ ጠርጎ መልሶ አስገብቶ አወጣው። ጫፉ ላይ ጠብታ ያህል ነገር አለ። የወንጂን ሞላሰስ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ እሱን ነው የሚመስለው።

«ይሄ ሰው ጠልቶሃል?» አለኝ።

«ማን?»

«የሸጠልህ።»

«ኧረ አበልጄ ነው!»

ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። «ሞተር እንደ ሰው አይደለም። ዝምድና አያውቅም። ዘይቱን አፈሳለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ፊልትሮውን አጸዳለሁ፣ ካቴናውን አጠብቃለሁ፣ ፍሬኑንም አየዋለሁ። ዘይቱ ግን ልኩ እዚህ የለም፤ ወንድሜ ከዝዋይ ይዞ ስምንት ሰዓት ይገባል። እስከዚያ አታንቀሳቅሳት። ዐሥር ሰዓት ላይ ተነስተህ ትሄዳለህ።»

አሮጌውን ዘይት አፈሰሰና ሌላውን ሁሉ እያየሁት ሠራው። ካቴናውን አጥብቆ እኔኑ በጣቴ አስፈተነኝ፤ የጎማውን ንፋስ አስተካከለ፤ የላሉ ቡሎኖችን አንድ በአንድ ነካካቸው፤ ስድስቱ ልል ነበሩ። ቁጭ ብዬ ስመለከት ደስ እያለኝ ማፈርም ጀመርኩ። ይህን ሁሉ አዳማ ላይ፣ በሰፈሬ፣ በአንድ ጠዋት ማሠራት ስችል መቂ ድረስ መምጣቴ ገረመኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ደምሴ መጣ። ለእኔ ሲል በግ አርዷል፤ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል፤ ምሳ ቀርቧል። «ዘይቱ እስኪመጣ መጠበቅ አለብኝ» አልኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። «በእኔ ሞት! ሰው ሁሉ አንተን ሊያይ ተቀምጦ፣ አንተ ጋራዥ ውስጥ ልትውል?» አለ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ገመቹን፣ «በልተን እንመለሳለን» አልኩት። ገመቹም «ሞተሯ ትቆይ» አለኝ። ደምሴ ግን አስቀድሞ መሪዋን ይዞ እየገፋት ነበር። «ቤቴ ቅርብ ነው፣ ለእንግዶቹም እናሳያት!» አለ። እኔም ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ዘርፉንና መስታወቱን ያዩልኝ ዘንድ ጓጓሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የመቂ ሰው እንግዳ ሲያበላ ልክ አያውቅም። አንዱ አጉርሶኝ ሳልውጥ ሌላው ይመጣል። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተቀመጥን። ሰዓቴን ባየሁ ቁጥር ደምሴ እጄን ይይዘዋል። ልክ ስነሳ አንድ ቢጫ ጄሪካን ይዞ መጣ። «ለሞተርህ ዘይት አገኘሁልህ! ገመቹ ጋ መሄድ አያስፈልግም፤ የውኃ ፓምፖቼን በዚህ ነው የማሠራቸው» አለ። ሽንኩርት ማሳው ላይ ውኃ የሚስቡለት ፓምፖች አሉት፤ ትልልቅ ናቸው፣ በናፍጣ ነው የሚሠሩት። ጄሪካኑን ሳሸተው ናፍጣ ናፍጣ አለኝ። ገመቹ «ልኩ ዘይት» ያለውም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ይሁንና ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ደምሴ ራሱ ጎንበስ ብሎ፣ ነጭ ሸሚዙን እያቆሸሸ፣ እስከ አፉ ሞላልኝ። «አምላክ ይስጥልኝ» አልኩት። ስጦታ በሰው ፊት ይመለሳል እንዴ? ቢመሽም አልተጨነቅኩም። ከመቂ ነገሌ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ማለዳ ብነሳ ከሽማግሌዎቹ እቀድማለሁ ብዬ እዚያው አደርኩ።

እሁድ

አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ሞተሯ እንደ ወትሮው ያለ ድምፅ አላወጣችም፤ ዝም ያለች መሰለችኝና ደስ አለኝ። ዝዋይ ላይ ስደርስ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አውጪዎቹን ከበው ቆመው ነበር፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ የሚመጡትን ሽማግሌዎች አስታወሱኝ። አዳማ ሐይቅ ስለሌላት ማለዳ ላይ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አናውቅም። ትንሽ ቆሜ ሐይቁን አየሁና ቀጠልኩ። ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ ሜዳው ይገለጣል፤ ግራርና ፍየል፣ ፍየልና ግራር።

ቡልቡላ ሳልደርስ ከማርሚታው ነጭ ጭስ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። ማርሽ ቀነስኩ። በመጨረሻ ከሆዷ የብረት ጩኸት ወጣና የኋላ ጎማዋ ቀጥ አለ፤ ተንሸራትቼ አለመውደቄን ዛሬም አላምንም። መርገጫውን ብረግጠው እንደ ድንጋይ ነው። ፒስተኑ ተጣብቋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር።

ከመንገዱ ዳር ካለ ጎጆ አንድ ገበሬ ወጡ። ኦቦ ቃበቶ ይባላሉ፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ። ሳይጠይቁኝ ሞተሯን ከኋላ ገፉልኝና ከግራሩ ሥር አቆምናት። ሚስታቸው በቅል እርጎ አመጣችልኝ። ወዴት እንደምሄድ ነገርኳቸው፤ ሽምግልና ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«አምስት ሰዓት? እንግዲያው ምን ትቀመጣለህ? መኪና ሲመጣ ግባና ሂድ። ሞተሩን እኔ ቤት አስገባዋለሁ፣ በሬዎቹ ያሉበት ይሆናል። ነገ መጥተህ ትወስዳለህ» አሉኝ።

ወዲያው አንድ ሚኒባስ መጣ። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ነገሌ ሻሸመኔ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ያን ሚኒባስ ብሳፈር አራት ሰዓት ላይ ነገሌ ነበርኩ። አንድ እግሬን አነሳሁ። ከዚያ ወደ ግራሩ ዞሬ ዘርፏን፣ መስታወቶቿን፣ ጽሑፏን አየሁ። ደረሰኝ ሳልቀበል ዕቃ ጥዬ ሄጄ አላውቅም የሚል የግምጃ ቤት ልማዴም ያዘኝ። ቢሆንም ይህ ሰበብ ነው። ዋናው ነገር በአቶ ለማ ደጅ ያለ ሞተሬ መታየት አለመፈለጌ ነው። «ሞተሯን የሚጭን መኪና እጠብቃለሁ» አልኩ።

ኦቦ ቃበቶ ወያላውን በእጃቸው ሸኙት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሚኒባሶች አለፉ፤ ሁለቱም ቦታ ነበራቸው።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ በየነ ደወሉ። «መስፍን፣ እኛ ገብተናል። የት ደረስክ?»

«ደረስኩ፣ ደረስኩ! ነገሌ መግቢያው ላይ ነኝ!»

ይህን ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁላችንም እንዲህ ነን። ካልሲ እያጠለቅን «መንገድ ላይ ነኝ» እንላለን፤ የሚሰማውም ቀንሶ ነው የሚሰማው። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደገና ደወሉ። ድምፃቸው ዝግ ብሏል፤ ሰው ፊት እንዳሉ ገባኝ። «አቶ ለማ እየጠየቁ ነው» አሉኝ። እኔም ደንግጬ ጮክ ብዬ፣ «በር ላይ ነኝ ይበሏቸው!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳሁም። ባትሪዬ አልቆ ነበር ማለት ብችል ደስ ይለኛል፤ አላለቀም ነበር።

ሞተሯን የጫነ አይሱዙ የተገኘው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሾፌሩና ኦቦ ቃበቶ ተሸክመው ጫኗት። ኦቦ ቃበቶ ሲሰናበቱኝ እጄን ያዙና፣ «አምላክ ልባቸውን ያራራልህ» አሉኝ። ነገሌ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ደጋው ይቀዘቅዛል፣ ዛፉ ብዙ ነው፤ ከአዳማ የመጣ ሰው ጃኬት ይፈልጋል። ጋሽ በየነና አባ ገብረ ሚካኤል መናኸሪያው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ጋሽ በየነ አልተቆጡኝም። የሆነውን ብቻ ነገሩኝ። በአምስት ሰዓት ደርሰው ቆመው ጠብቀዋል፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥምና። «በር ላይ ነኝ» ብዬ ስጮህ ድምፄን ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። አቶ ለማም ኮፍያቸውን አደረጉና፣ «ልጅ ያሳደገ ሰው በር ላይ አይቆምም፣ ወጥቼ ልቀበለው» ብለው ወጡ። አንድ ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆሙ። ጎረቤት እያለፈ «ማንን እየጠበቁ ነው?» ሲላቸው፣ «እንግዳ አለብኝ» ይሉ ነበር። ከዚያ ተመልሰው ገቡና ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ «በሉ እናንተም ደክሟችኋል፣ በሰላም ግቡ» አሏቸው። በቃ፣ ይኸው ነው ያሏቸው።

ብቻዬን ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ረዥም ናቸው፤ የእጃቸው ቆዳ ውስጥ የገባ ዱቄት አይወጣም። ሰላም አሉኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ፣ ምግብ አቀረቡ። ሃና ገብታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ዓይኖቿ አብጠዋል። ልጅቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሁለት ጉርሻ ከጎረስኩ በኋላ ተነስቼ ቆምኩ። «አቶ ለማ፣ ለመጣሁበት ጉዳይ...»

«ይቀመጡ፣ ይብሉ። እንግዳ ነዎት። ጉዳዩ ጠዋት ነበር» አሉ።

«ሞተሬ ነው እኮ! ቡልቡላ ላይ...» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዘይቱን፣ ጄሪካኑን፣ ሚኒባሶቹን ሳይቀር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አቶ መስፍን፣ እኔ ወፍጮ አለኝ። ሳልቀባው፣ ሳላጠብቀው ሰው እህል ይዞ እንዲመጣ ቀጥሬ አላውቅም» አሉ። ደግሞም፣ «ሞተርም ይበላሽ፣ የሰው ነገር ነው። በር ላይ ነኝ ሲሉ ግን ወጣሁ» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። «ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። ይቅርታውና የሽምግልናው መልስ አንድ እንዳልሆኑ ገባኝ። መኝታም አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድ አልጋ ቤት አደርኩ።

ሰኞ

ወደ አዳማ የሚሄድ ድንች የጫነ መኪና አገኘሁ። ሞተሯ ድንቹ ላይ ታስራ፣ እኔ ከሾፌሩ አጠገብ። መቂ ላይ ስናልፍ ኦቦ ገመቹ ጋራዡ ደጅ ቆሞ ነበር። ሞተሯን አየ፣ እኔንም አየኝ። እጁን ለሰላምታ አነሳልኝ። ፊቴን ልሰውር ብዬ ነበር፤ አፍሬ እኔም አነሳሁለት።

ማታ ተስፋዬ ሊጠይቀኝ ቤት መጣ። ሞተሯን ሲያይ እጁን ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። «መስፍኔ፣ የዘይቱ መቀየሪያ ጊዜ እኮ ደርሶ ነበር። መካኒኩ ሲነግርህ ትሰማዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ ብነግርህ የተበላሸ ሸጠልኝ ትላለህ ብዬ ፈራሁ» አለኝ።

«እኔም ላስፈትሽ ብል አላመነኝም ትላለህ ብዬ ፈራሁ» አልኩት። ሁለታችን ተከባብረን ሞተሯን ገደልናት።

ሰለሞን ከዱከም ሲገባ ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። እሱ ግን ቀድሞ ጋሽ በየነን አግኝቷል። «ጋሼ፣ እንኳን ሳይወድቁ ተመለሱ» አለኝና ገብቶ ተኛ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ሞተሯን በአዲስ ፒስተን አሠራኋት። አሁን ዘይቷን ራሴ እቀይራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ካቴናዋን በሁለት ጣቴ እፈትናለሁ፣ ፊልትሮዋን አራግፋለሁ። ሰፈራችን ያሉ ልጆች ያገለገለ ሞተር ሲገዙ እኔን ያማክሩኛል። መካኒክ ዘንድ ሳትወስዱ እንዳትነዱ እላቸዋለሁ፣ ሻጩ አባታችሁም ቢሆን።

ሃና አባቷን ለምና፣ ከፋሲካ በኋላ አቶ ለማ ሽማግሌ ዳግመኛ እንዲመጣ ፈቀዱ። ይህንን የሰማሁት ከአስካለ ነው። ሰለሞን እኔ ጋ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ። ጋሽ በየነና አባ ይሂዱ፤ ከፋብሪካም አለቃዬ አብሯቸው ይሄዳል» አለኝ። በትሕትና ነው ያለኝ። እኔም፣ «ጥሩ አስበሃል» አልኩት።

እሁድ ዕለት ሄዱ፤ በሰዓቱም ደረሱ፤ ልጅቷም ተሰጠች። ሰፈሩ እልል ሲል እኔም ወጥቼ ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። በማግስቱ ጋሽ በየነን ለብቻቸው አግኝቼ ሲከነክነኝ ያደረውን ጠየቅኳቸው።

«ያሳደገውን ሰው አልጠየቁም?»

«ጠየቁ» አሉ።

«ምን አላችሁ?»

ጋሽ በየነ ከዘራቸውን መሬት ላይ እያዞሩ፣ «አስካለ አሳደገችው አልናቸው» አሉኝ።

ውሸት አልተናገሩም። አስካለ ነች ያሳደገችው።